የተማረው ልጅ ቦታው የት ነው?
(ብዙ መጻሕፍትን በአንድ ሐተታ ስለ ማስተያየት)

ለዚህች ጽሑፍ ከሚደርሱን ድርሰቶች መካከል ስለ ልብ ወለድ መጻሕፍት የተጻፉት ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። ይህም ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ጸሐፊው ሁለት ወይም ሦስት መጻሕፍትን በአንድነት አንሥቶ ሊያወያየን ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ገጽ የአንደኛው መጽሐፍ ታሪክ ይተረካል፤ በሁለተኛው ገጽ የሁለተኛው፤ በመጨረሻም «ስለዚህ ሁሉም መጻሕፍት ስለ ፍቅርና ስለ መከራ ያስተምሩናል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይታከልና ድርሰቱ ያበቃል። መጻሕፍቱ በአንድ ወረቀት ላይ ሰፈሩ እንጂ እርስ በርሳቸው አልተነጋገሩም። በአንድ ግቢ ተከራይተው ሰላምታ እንደማይለዋወጡ ጎረቤታሞች ናቸው።

ጉዳቱም ጽሑፉ አሰልቺ መሆኑ ብቻ አይደለም። መጽሐፉን ያላነበበ ወጣት ታሪኩን ከእኛ በአጭሩ ስለ ሰማ ያነበበው ይመስለዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ የሰሙ ወይም ከሰሙት የሰሙ፣ መጽሐፉን ግን አንድ ቀን እንኳ ገልጠው ያላዩ ስንቶች እንደሆኑ እናውቃለን። እንግዲህ በእነርሱ ላይ ሌላ ማጠቃለያ መጨመር ምን ይጠቅማል? ብዙ መጻሕፍትን የሚያስተያይ ሐተታ የሚጻፈው አንዱን መጽሐፍ ብቻ በማንበብ ሊታይ የማይችል ነገር ሲኖር ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከሌለ ስለ አንዱ መጽሐፍ ብቻ በደንብ መጻፍ ይሻላል።

ነገሩን በምሳሌ እንድናየው አራት መጻሕፍት መርጠናል። እነርሱም የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «አዲስ ዓለም» (1925 ዓ.ም.)፣ የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» (1941 ዓ.ም.)፣ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) እና የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) ናቸው። እነዚህን የመረጥንበት ምክንያት አለን። እኛ በዩኒቨርሲቲ የምንማር የሰንበት ትምህርት ቤቱ አባላት ክረምት በመጣ ቁጥር ወደየቤታችን ስንመለስ ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ «እንግዲህ ተምረሃል፤ ንገረን» ይለናል፤ ስንናገር ደግሞ «ትምህርት አበላሸው» ይባላል። አራቱም መጻሕፍት የተማረ ወጣት ከሰዎች መካከል ሲገባ ምን እንደሚገጥመው የሚያሳዩ ናቸውና ነገሩ የራሳችን ነው። ሐተታ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው በመጀመሪያ «ይህ ጥያቄ እኔን ምን ያገባዋል?» ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው። የማያገባውን ርዕስ የያዘ ሰው በሁለተኛው ገጽ ላይ ቀለሙ ይደርቅበታል።

አሁን ጥያቄውን እናብጀው። ብዙ ተማሪዎች በዚህ ርዕስ ላይ ቢጽፉ ቶሎ የሚመጣላቸው «በአራቱም መጻሕፍት አዲሱ ትምህርትና አሮጌው ልማድ ይጋጫሉ» የሚለው ነው። ስሕተት ነው ለማለት አይቻልም። ነገር ግን መጻሕፍቱን ሳይከፍቱ ሊጻፍ የሚችል ዓረፍተ ነገር ነው፤ ስለዚህ ምንም አያስነብበንም። ጥሩ መነሻ ሐሳብ ሰው ሊቃወመው የሚችል መሆን አለበት። አንድ ጓደኛችን ሰምቶ «ኧረ እንዲህ አይደለም፤ እስቲ መጽሐፉን አምጣው» የሚልበት ሐሳብ ካልሆነ ሊያከራክርም ሊያስረዳም አይችልም።

እኛ መጀመሪያ የያዝነው ሐሳብ ይህ ነበር፦ «በአራቱም መጻሕፍት ትምህርት ልጁን ከነበረበት ቦታ ያነሣዋል፤ የሚያስቀምጥበት ቦታ ግን ያዘጋጀለት የለም።» ይህን ይዘን ወደ መጻሕፍቱ እንሂድ።

«አዲስ ዓለም» ውስጥ አወቀ የሚባለው የተጉለት ልጅ ወደ ፈረንሳይ አገር ሄዶ ይማራል። ሲመለስም ስለ ተዝካር ድግስና ስለ ጋብቻ ከዘመዶቹ ጋር አይስማማም። ዘመዶቹ ክፉዎች አይደሉም፤ ይህን መዘንጋት አይገባም። እነርሱ የሚፈልጉት ልጃቸው እንደ ወጉ ደግሶ፣ እንደ ወጉ አግብቶ ከመካከላቸው እንዲቀመጥ ነው። «አርአያ» ውስጥ ደግሞ ልጁ ፈረንሳይ ሄዶ የእርሻ ትምህርት ተምሮ ይመለሳል። እርሱን የሚያስቸግረው የመንደሩ ሰው ሳይሆን የከተማው የመሥሪያ ቤት ኑሮ፣ የሹማምንቱ ሽንገላና ተንኮል ነው። ማሳውን የሚመኘው ሰው ከወረቀት ጋር ሲታገል ሳለ የ1928ቱ የኢጣሊያ ወረራ ይደርሳል። እስከዚህ ድረስ ሐሳባችን ይዟል።

«ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ስንደርስ ግን ሐሳባችን ይነቃነቃል። በዛብህ ባሕር አልተሻገረም። የተማረው በዚያው በጎጃም፣ በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ነው፤ ያውም ቅኔ። ስለዚህ «አዲስ ትምህርት» የሚለው ቃል እርሱን አይመለከተውም፤ ትምህርቱ ከአሮጌው ሥርዓት የወጣ፣ አሮጌው ሥርዓት ራሱ የሚያከብረው ትምህርት ነው። ያም ሆኖ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የሚያስገባው ያው ትምህርቱ ነው፤ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ይጠራል። ለማስተማር የበቃው ልጅ ለማግባት ግን አይበቃም፤ የዘር ጉዳይ አለና። ይህ ብቻ ቢሆን ሐሳባችን ይበልጥ በጠነከረ ነበር። ነገር ግን ሌላ ነገር አለ። በዛብህን እናቱ ወይዘሮ ውድነሽ በስለት ለቤተ ክርስቲያን ሰጥታዋለች። ስለዚህ ለበዛብህ «ቦታ ያዘጋጀለት የለም» ለማለት አይቻልም። ቦታው ገና በሕፃንነቱ ተዘጋጅቷል። ችግሩ የመረጠው እርሱ አለመሆኑ ነው።

እንዲህ ያለ ጊዜ ጸሐፊው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ስለቱን ሳያነሡ ማለፍ ነው፤ አንባቢውም ላያስተውል ይችላል። ሁለተኛው መነሻ ሐሳቡን ማረም ነው። የመጀመሪያው በመጽሐፉም በደራሲውም ላይ ሐሰት መናገር ነው ብንል አልበዛም። ደራሲው ስለቱን በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ያስቀመጠው እንዲያው ለማስረዘም አይደለምና። እንግዲህ ሐሳባችንን እናስተካክል፦ «የተማረው ልጅ ቦታ አያጣም፤ ነገር ግን የሚጠብቀውን ቦታ ሌላ ሰው መርጦለታል፤ ትምህርቱ ያንን ቦታ እንዳይችለው አድርጎታል።»

ይህኛው ከመጀመሪያው ይሻላል፤ ምክንያቱም ወደ ኋላ ተመልሰን ያነበብናቸውን ሁለቱን መጻሕፍት እንደገና እንድናይ ያስገድደናል። አወቀም ቦታ ነበረው፤ የደጋሽ ልጅ ቦታ። አርአያም ቦታ ነበረው፤ የጽሕፈት ጠረጴዛ። ሁለቱም የተሰጣቸውን እንጂ የመረጡትን አላገኙም። አንዱ መጽሐፍ ሌላውን ሲያበራ ማለት ይህ ነው። በዛብህን ካላነበብን አወቀን «ልማድ ያስቸገረው ልጅ» ብለን ብቻ እናልፈው ነበር።

ካሣ ዳምጤንም መተው አይቻልም። ጉዱ ካሣ የተማረ ነው፤ የሚያውቀውንም በግልጥ ይናገራል። የኅብረተ ሰቡን አቋም እርስ በርሱ ተደጋግፎ በተሠራ የድንጋይ ሕንጻ መስሎ ሲያስረዳ መንደሩ ውስጥ ከእርሱ የሚልቅ አስተዋይ የለም። ታዲያ መንደሩ ለእንዲህ ያለው ሰው ምን ቦታ ሰጠው? የእብድ ቦታ። «ጉዱ» የሚለው ስም ራሱ ወንበሩ ነው። በዚያ ወንበር ላይ እስከ ተቀመጠ ድረስ የፈለገውን ቢናገር ማንም አይደነግጥም፤ ይስቃል እንጂ። እኛ እንደሚመስለን ከአራቱ መጻሕፍት ውስጥ እጅግ የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ ከሞቱም ከልቅሶውም ይልቅ። የሚናገርን ሰው ዝም ከማሰኘት ይልቅ እየሳቁ ማናገር እንዴት ያለ ብልሃት ነው!

«አደፍርስ» ደግሞ ሌላ ፈተና ያመጣል። አደፍርስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። በዚያ ዘመን ተማሪው ከመመረቁ አስቀድሞ አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት ማገልገል ነበረበትና እርሱም በሸዋ ወደ አርማንያ ይሄዳል። በዚያ ከባለ ርስቷ ከወይዘሮ አሰጋሽና በዙሪያዋ ካሉት ሰዎች ጋር ይገናኛል፤ ስለ ሁሉ ነገር ይከራከራል። ነገር ግን እርሱን ማንም በግድ የትም አላስቀመጠውም። ቦታውን ራሱ መረጠ፤ የመረጠውም የተከራካሪን ቦታ ነው። ንግግሩ ከመጽሐፍ የወጣ ስለሆነ ሰዎቹ ቃሉን ይሰማሉ እንጂ ነገሩን አይሰሙም። መጨረሻውም በተማሪዎች ሁከት መካከል መሞት ሆነ። ስለዚህ የታረመውም ሐሳባችን ለአደፍርስ ልክ አይሆንም።

ምን እናድርግ? አሁንም ሐሳቡን እንለውጥ? አያስፈልግም። ልዩነቱን ልዩነት ብሎ መጻፍ ይበቃል። ሐተታ አራቱን መጻሕፍት በአንድ ሙቀጫ መውቀጥ የለበትም። «ሦስቱ እንዲህ ናቸው፤ አራተኛው ግን እንዲህ አይደለም፤ ምክንያቱም…» የሚል አንቀጽ ብዙ ጊዜ የጽሑፉ ምርጥ አንቀጽ ይሆናል። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ለናሙና ያህል ጽፈነዋል፦

«አወቀንና አርአያን የሚከለክላቸው ከውጭ ያለ ሰው ነው፤ ዘመድ ወይም ሹም። በዛብህን የሚከለክለው ከውጭም ከውስጥም ነው፤ የፊታውራሪው ዘር ቆጠራ በአንድ ወገን፣ የእናቱ ስለት በሌላ ወገን። አደፍርስን ግን ከሁሉ ይልቅ የሚከለክለው የራሱ አነጋገር ነው። የሚያስበው ለሰዎቹ ነው፤ የሚናገረው ግን ለመምህራኑ ይመስላል።»

በዚህ ናሙና ውስጥ የመጽሐፍ ታሪክ አልተተረከም። አራቱም ስሞች በአንድ አንቀጽ ውስጥ ናቸው፤ የሚያገናኛቸውም «የሚከለክለው ማን ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ ነው። በዚህ ዓይነት ነጥብ በነጥብ የተዘጋጀ ጽሑፍ መጽሐፍ በመጽሐፍ ከተዘጋጀው ይሻላል ብለን እናምናለን። እርግጥ መጽሐፍ በመጽሐፍ መሄድ ለጸሐፊው ይቀለዋል፤ ሁለት መጻሕፍት ብቻ ከሆኑም ብዙ አይጎዳም። ሦስትና አራት ከሆኑ ግን አንባቢው አራተኛው ላይ ሲደርስ አንደኛውን ረስቶታል።

ስለ አያያዥ ቃላትም አንድ ነገር እንበል፤ ትንሽ ይመስላል እንጂ ትንሽ አይደለም። «እንዲሁም» እና «በተጨማሪም» የሚሉት ቃላት የሰነፍ ጸሐፊ ወዳጆች ናቸው። አንዱን መጽሐፍ ጨርሶ ወደ ሌላው ሲሻገር «እንዲሁም በአርአያ ውስጥ…» ይላል። እንዴት እንዲሁ ሆነ? ሰውየው አልነገረንም። በዚህ ቦታ «ነገር ግን»፣ «ከዚህ በተለየ»፣ «ይህ የሆነው ግን በሌላ ምክንያት» ብሎ ለመጻፍ ቢሞክር ምክንያቱን መፈለግ ግድ ይሆንበታል። ጽሑፋችሁን ስትጨርሱ «እንዲሁም» የምትሉትን ሁሉ አስምሩበትና ስንት እንደሆነ ቁጠሩት።

ይህ መጽሐፍን በመጽሐፍ የማየት ነገር ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ጥበብ የሚመስላቸው አሉ። የአንድምታ መምህር ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ግን እንዲህ አይልም። መምህሩ አንዱን ቃል ሲተረጉም «አንድም» እያለ ሌላ ፍቺ ይጨምራል፤ ፍቺውንም ለማጽናት ከሌላ መጽሐፍ ቃል አምጥቶ «እንዲል» ይላል። ልብ በሉ፤ ያንን ቃል የሚያመጣው ዕውቀቱን ለማሳየት ሳይሆን በፊቱ ያለው ንባብ ስለ ከበደው ነው። ደግሞም ሁለት ፍቺዎች ሲገኙ አንደኛውን አይደብቅም። ልብ ወለድ መጻሕፍትና ቅዱሳት መጻሕፍት አንድ አይደሉም፤ የአነባበቡ ትጋት ግን ይመሳሰላል። እኛ ለሐተታችን ከዚህ የምንወስደው «ከሌላው መጽሐፍ የማመጣው ነገር ይህንኛውን ይፈታልኛል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ነው። የማይፈታ ከሆነ ይቅር።

ወደ ንባቡ ሥራ እንመለስ። አንድ ደብተር ይበቃል። በግራው ገጽ ሐሳባችንን የሚደግፈውን፣ በቀኙ ገጽ የሚቃወመውን፣ ሁለቱንም ከገጽ ቁጥሩ ጋር እንጽፋለን። መጽሐፉን ጨርሰን ቀኙ ገጽ ባዶ ሆኖ ከተገኘ የፈለግነውን ብቻ ለቀምን እንጂ መጽሐፉን አላነበብንም ማለት ነው። የገጽ ቁጥሩን መመዝገብ አታካች ነው፤ ነገር ግን ለክርክር የተነሣ ጓደኛ «የት ላይ ነው?» ሲል መልሱ እጃችን ላይ ይገኛል። ከመጽሐፉ ቃል በቃል መጥቀስ የሚያስፈልገው አነጋገሩ ራሱ ማስረጃ ሲሆን ነው። ስለ አደፍርስ አነጋገር የሚጽፍ ሰው ቃሉን መጥቀስ አለበት፤ አወቀ ፈረንሳይ መሄዱን ለማስረዳት ግን ጥቅስ አያስፈልግም።

የዘመን ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። አራቱን መጻሕፍት በታተሙበት ዓመት ስንደረድራቸው ከልጁ ፊት የሚቆመው በመጀመሪያ ዘመድ፣ ቀጥሎ ሹም፣ ቀጥሎ ዘርና ስለት፣ በመጨረሻም ራሱ ልጁ ነው። ያማረ ደረጃ ነው፤ «ኢትዮጵያ በሠላሳ ሰባት ዓመት ውስጥ እንዲህ ተለወጠች» ብሎ ለመጻፍ እጅ ያሳክካል። ሆኖም «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ይታተም እንጂ የሚተርከው ከዚያ ቀደም ስላለው ዘመን ነው። መጽሐፍ የታተመበት ዓመትና ታሪኩ የተፈጸመበት ዓመት ሁለት ናቸው። ደግሞም አራት መጻሕፍት አራት መጻሕፍት ናቸው፤ አገር አይደሉም። ስለ አገር ለመናገር ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ የዚያን ዓይነቱን ጽሑፍ የታሪክ ተማሪዎች ይጻፉልን።

ከዚሁ ጋር፣ የደራሲውን ሕይወት በልብ ወለዱ ላይ መለጠፍ በጣም ተለምዷል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በቤተ ክህነት ትምህርት ካደጉ በኋላ በዲፕሎማትነት አገልግለዋል፤ የግርማቸው አባት ተክለ ሐዋርያት ሩሲያ የተማሩ ናቸው። ይህን ማወቅ ጥሩ ነው። ከዚህ ተነሥቶ «በዛብህ ማለት ደራሲው ራሳቸው ናቸው» ማለት ግን ማንበብን ማቆም ነው።

እስከ አሁን የጻፍነውን ሁሉ መለስ ብሎ የሚያነብብ ሰው አንድ ነገር ጎድሎ ያገኘዋል። ርዕሳችን «የተማረው ልጅ» ይላል፤ ልጁም በአራቱም ቦታ ወንድ ነው። ሰብለ ወንጌልስ? እርሷም ተምራለች፤ ለመሆኑ ትምህርቷ የእርሷን ቦታ ምን አደረገው ብሎ የጠየቀ አለ? በዛብህ ሲሰደድ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ይችላል። እርሷ ከአባቷ ቤት ለመውጣት መነኩሴ መምሰል ነበረባት። በአማርኛ የመጀመሪያ በሚባለው ልብ ወለድ፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥም ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ መንገድ ትወጣለች። በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ሃምሳ ስምንት ዓመት አለ፤ ሴት ልጅ በሴትነቷ መንገድ መሄድ ግን በሁለቱም አልተቻላትም። የአንደኛዋ መንገድ በሠርግ ያበቃል፤ የሁለተኛዋ በመቃብር። ተመሳሳዩ ነገር ልብሱ ነው፤ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ይህን ርዕስ የሚወስድ ወንድም ወይም እህት እንፈልጋለን፤ እህት ብትሆን ይበልጥ ደስ ይለናል። ሁለቱንም መጻሕፍት ለሚያነብብ ሰው በሚቀጥለው እትም ሁለት ገጽ ይዘንለታል። ታሪኩን የሚተርክ አንቀጽ ካለበት ግን ከማባዛታችን በፊት እንሰርዘዋለን።